የስብሰባ ክፍል ማስያዣ፦ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት ወይስ ኤምአርቢኤስ?

የቢሯችን አዳራሽ መሃሉ ላይ ተጣጣፊ ግድግዳ አለው። ሲዘጋ ሁለት ክፍል ይወጣዋል። ሲስተሙ ላይ ግን «ትልቁ አዳራሽ»፣ «አዳራሽ ሀ» እና «አዳራሽ ለ» ተብሎ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ነበር። አንዱ ባልደረባችን ትልቁን ያዘ፣ ሌላዋ ሀን ያዘች። ሲስተሙ ሁለቱንም እሺ አላቸው። ጠዋት እንግዶቻቸውን ይዘው በር ላይ ተገናኙ። ያን ቀን ነው ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የክፍል አመዘጋገቡን ማየት እንደሚገባ የገባኝ።

ጎግል ወርክስፔስ (የጎግል የቢሮ አገልግሎት) ላይ መጀመሪያ ህንፃው፣ ቀጥሎ ፎቁ፣ ከዚያ ክፍሉ ይመዘገባል። ስንት ሰው እንደሚይዝና ምን እንዳለው ይጻፋል። መኪና ወይም ፕሮጀክተር ከክፍል ተለይቶ ይገባል። ክፍሉን እንደ ሰው ስብሰባው ላይ ትጋብዙታላችሁ፤ ካልተያዘ ራሱ ይቀበላል። ነፃው ጂሜይል ላይ ግን ይህ የለም።

ማይክሮሶፍት 365 (የማይክሮሶፍት የቢሮ አገልግሎት) ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን የኢሜይል ሳጥን ይከፍትለታል፤ ለዕቃም እንዲሁ። ለክፍሉ ብቻ ተብሎ ላይሰንስ አይገዛም። ቁጥጥሩ ጠበቅ ያለ ነው። ካልቀየራችሁት በቀር ከ180 ቀን ወዲያ ያለን ቀን፣ ወይም በአንዴ ከ24 ሰዓት በላይ ማስያዝ አይቻልም። ጥያቄውን አይቶ የሚፈቅድ ሰውም መመደብ ይቻላል።

ኤምአርቢኤስ ለክፍል ማስያዣ የተሠራ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይወርዳል፤ ሰርቨርና የሚጭነው ባለሙያ ግን ይፈልጋል። ክፍሎች «አካባቢ» በሚባል ምድብ ሥር ይገባሉ፣ በቃ። ለዕቃ የተለየ ቦታ ስለሌለው ፕሮጀክተሩንም ክፍል አድርጋችሁ ትመዘግቡታላችሁ። እኔ የምወድለት ግን ሰዓቱን ነው። በሌሎቹ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ለጠዋት 3 ሰዓት የያዘ ይመስለዋል፤ ሲስተሙ ግን የሚይዝለት ለሌሊቱ ወይም ለቀኑ 9 ሰዓት ነው። ኤምአርቢኤስ በሰዓት ፋንታ በክፍለ ጊዜ መሥራት ስለሚችል፣ ስሙን እናንተው «ጠዋት ከ3 እስከ 4» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ለትምህርት ቤት እሱን ነው የምመክረው። ኢሜይላችሁ ጎግል ወይም ማይክሮሶፍት ላይ ከሆነ ግን እዚያው ሁኑ፤ ሌላ ሲስተም መደረብ ድካም ነው።

የአዳራሹ መላ በሦስቱም አንድ ነው። ሁለቱን ግማሾች ብቻ መዝግቡ፣ የሚይዙትንም የሰው ብዛት ለየብቻ ጻፉ። ሙሉውን የፈለገ ሁለቱንም በአንድ ስብሰባ ላይ ያስይዝ። ኤምአርቢኤስ ላይ ሁለቱን አንድ አካባቢ ሥር አድርጓቸው። እኛም «ትልቁ አዳራሽ» የሚለውን ሰረዝነው።