ውሻ ላለበት ግቢ የትኛው ይሻላል? የአንድ ቀን ጫጩት፣ የ45 ቀን ዶሮ ወይስ እናት ከነጫጩቶቿ

እኛ ሰፈር ግቢ ካለ ውሻ አለ። «ጫጩት ልገዛ ነው» የሚል ጎረቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር እንደያዘ አይደለም። ውሻው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ነው። ጅማ ውስጥ ከሦስቱ የቱን ብትገዙ እንደሚያዋጣችሁ ከኪሳችሁ በላይ የሚወስነው ውሻችሁ ነውና።

የአንድ ቀን ጫጩት አንዱ በአንዱ ሲታሰብ ርካሹ ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የቀረው አስኳል እስከ 72 ሰዓት ድረስ ያቆየዋል። ከሩቅ ተጭኖ መጥቶ በሕይወት የሚደርሰውም ለዚህ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን እናቱ እናንተ ናችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። የጅማ ቀን ሞቅ ቢልም የክረምቱ ሌሊት ይበርዳል፣ መብራትም ይጠፋል። በከሰል የምታሞቁ ከሆነ ውጭ በደንብ ይቀጣጠል፣ ክፍሉም አየር ይግባው፤ የከሰል ጭስ ሰውንም ጫጩትንም ይገድላል። እኔ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ጄሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቼ በፎጣ እጠቀልልና መሃላቸው አስቀምጣለሁ። ተሰብስበው ይለጠፉበታል።

ውሻን በተመለከተ የአንድ ቀን ጫጩት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አራት አምስት ሳምንት ቤት ውስጥ በር ተዘግቶበት ስለሚቆይ፣ ውሻው ድምፁንና ሽታውን ከበሩ ማዶ ሆኖ ይለምዳል። በሩ ከተዘጋ ማለት ነው።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ካርቶን ውስጥ አድርጌ ወጥ ቤት አስቀመጥኳቸው። ውሻዬ ቦቢ ያኔ ዓመት አልሞላውም። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ካርቶኑ በጎኑ ተጋድሟል። ቦቢ ወለሉ ላይ ተኝቶ ጭራውን ይቆላል። በሁለት የፊት እግሮቹ መሃል አንዲት ጫጩት አለች። አነሳኋት። ደም የለም፣ የጥርስ ምልክትም የለም። በምራቅ ርሳ ጸጉሯ ተጣብቋል፣ አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል። ሊበላት አልነበረም፣ ሊጫወት ነበር። 40 ግራም ለምትመዝን ጫጩት ግን የውሻ ጨዋታና የውሻ ንክሻ አንድ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

የ45 ቀን ዶሮ ዋጋው ከፍ ይላል። የምትከፍሉት ሌላ ሰው ላወጣው መኖ፣ መብራትና ክትባት ነው። ላባ ስለለበሰ ማሞቂያ አይፈልግም። የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባትም ወስዶ መምጣት አለበት። «ተከትቧል» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ ምን መቼ እንደተሰጠው ጠይቁ። ስትመርጡ ጀርባውን በእጃችሁ ዳብሱት። አሁንም የጫጩት ለስላሳ ጸጉር ከበዛበት ወይ ቀኑ አልሞላም ወይ ቀጭጯል። ሲተነፍስ የሚያንኮራፋውን ተዉት። ወለሉ ላይ ደም ያለበት ኩስ ካያችሁ ከዚያ ቤት አንድም አትግዙ። ብዙ ጊዜ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው፣ በእኛ እርጥበት ደግሞ ቶሎ ይዛመታል።

ችግሩ የ45 ቀኑ ዶሮ በመጣበት ዕለት ግቢ መውረዱ ነው። ውሻው አንድ ቀን እንኳን የመልመጃ ጊዜ አላገኘም። ዶሮዎቹ ይሮጣሉ፣ ክንፋቸውን ያራግባሉ፤ ውሻን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ የዶሮ ቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ቀጭኑ ባለ ስድስት ጎን የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ያግዳል እንጂ ውሻ እንዳይገባ አያግድም። ትልቅ ውሻ በጥርሱ ይተረትረዋል። በየመጋጠሚያው የተበየደው ወፍራም መረብ ይወደዳል፣ ግን ይቆያል፤ ሸለምጥማጥንም ይመልሳል። ከታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። አፈራችን ዝናብ ከጠገበ ውሻ በአንድ ሌሊት ሥሩን ቆፍሮ ይገባል።

ወለሉ ላይ ሰጋቱራ አንጥፉ። የቡና ገለባ እዚህ እንደልብ ስለሆነ እሱን ላንጥፍ ትሉ ይሆናል። ውሻ ባለበት ግቢ አልመክርም። ካፌይን አለው፣ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ውሻ የዶሮ ኩስ ፍለጋ ንጣፉን ሲቆፍር ገለባውንም ይውጣል።

ሦስተኛው ምርጫ የሐበሻ እናት ከነጫጩቶቿ ነው። ዕድል ከቀናችሁ ሒርማታ ገበያ ታገኛላችሁ። ማሞቂያው እሷ ናት፣ ዘበኛዋም እሷ ናት። የጎረቤቴ ውሻ አንዷን ጫጩት ሊያሸት ጠጋ ሲል እናትየዋ ላባዋን ነፍታ አፍንጫው ላይ ዘላ ወጣችበት። ሁለተኛ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዞሮ ነው። እኔ አንድ ወር የለፋሁበትን ትምህርት እሷ በአንድ ቀን ጨረሰችው። ግን ቁጡ ትልቅ ውሻ እናትየዋንም አይምርም። ክትባት አለመውሰዷንም አስቡ፤ ፈንግል ይዛ ልትገባ ትችላለች። እንቁላሏም በዓመት ከ40 እስከ 60 ነው። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የእንቁላል ዝርያ ግን ጥሩ መኖና አያያዝ ካገኘች 300 ታልፋለች።

እንግዲህ ውሻችሁ የሰከነ ከሆነ፣ ቀን ቤት የሚውል ሰውና የሚቆለፍ ክፍል ካላችሁ የአንድ ቀኑን ግዙ። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ግን የ45 ቀኑን። ለበዓል ዶሮና ለልጆች እንቁላል የሚበቃችሁ፣ ውሻችሁም ትንሽ ወይም ፈሪ ከሆነ እናትየዋን። ከዚህ በፊት ዶሮ የገደለ ውሻ ካላችሁ የ45 ቀኑን ገዝታችሁ ሁልጊዜ መረብ ውስጥ ያዙ። «ይለምዳል» ብላችሁ ግቢ አትልቀቁ።

ማላመዱ የሚጀመረው ውሻው በልቶ ከጠገበ በኋላ፣ በማሰሪያ ተይዞ ነው። መረቡ ጋ አስጠጉትና ጠብቁ። ዓይኑን ከዶሮዎቹ ላይ አንስቶ ወደ እናንተ ሲያይ ቁራሽ ዳቦ ስጡት። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጭራው ቆሞ ሳያርገበግብ ካፈጠጠ ሳትጮሁ ይዛችሁት ሂዱ። አትምቱት፤ ዱላውን ከዶሮዎቹ ጋር ያያይዘዋል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት። ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆችም ጭምር።

ቦቢ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ዶሮዎቹ አጠገቡ ሲጭሩ ተኝቶ ያያቸዋል። ማታ ቦቢን ከመፍታቴ በፊት ግን አሁንም የዶሮ ቤቱን መቆለፊያ ሁለት ጊዜ እጎትተዋለሁ።