ድሬዎች፣ ውፍረትና ግፊት ላለበት ሰው የሚሆን አሰልጣኝ ልጠቁማችሁ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ጠዋት ጠዋት ጀሪካን አንጠልጥለው ወዲያ ወዲህ የሚመላለሱ እናቶችና አባቶች አይታችሁ «ዛሬም ውኃ ጠፋ እንዴ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ ያ ውኃ የስፖርት ክብደት ነው። የሚያሠራቸውን ልጅ ሰፈሩ «ኮች» ይለዋል፤ ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ እኔም ኮች እያልኩ እቀጥላለሁ። ኮች፣ እግዜር ይስጥህ፣ አላህ ይጨምርልህ! ኪሎው የበዛ፣ ግፊት የጀመረው ወይም ስኳሩ ከፍ ከፍ የሚል ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብባችሁ ወደሱ ላኩት።

ምሬቱን ሳላወጣ ግን ምስጋናው አይወጣልኝም። እዚህ አካባቢ ወፍራም ሰው «ስፖርት ልጀምር» ብሎ ሲወጣ የሚጠብቀው ቅጣት ነው። ሴት ከሆነች ሙዚቃ ተከፍቶ ዝለይ ትባላለች። 95 ኪሎ የምትመዝን እናት በመጀመሪያ ቀኗ ገመድ ከዘለለች ጉልበቷ በሳምንቱ ያብጣል፤ «ስፖርት አይስማማኝም» ብላ ቤቷ ትቀመጣለች። ወንድ ከሆነ ብረት ይሰጡትና ትንፋሹን አፍኖ ፊቱ እስኪቀላ ያነሳል። በዚያች ትንፋሽ በታፈነች ቅጽበት የደም ግፊት ወደ ላይ እንደሚተኮስ የሚነግረው የለም። ሆድን በፌስታል ጠቅልሎ በድሬ ሙቀት ማስሮጥም አለ። የሚወጣው ላብ ነው፤ ስቡ እዚያው አለ፣ የቀነሰችው ኪሎም ውኃ ሲጠጣ ትመለሳለች። ሰውየው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የመሰለ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ በላዩ «ስብ አቅላጭ» ዱቄት ይሸጡለታል። የማንንም ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ኮች ዘንድ በመጀመሪያው ቀን ስፖርት የለም። ሰውየው ጀርባውን ወንበር አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ክንዱን በልቡ ትክክል አድርጎ ግፊቱን ይለካዋል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ሁለት ዓይነት አለው፣ አንዱ ሰፋ ያለ ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባቡ ከታሰረ ግፊት ካለው በላይ ስለሚነበብ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ ያን ቀን አያሠራም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነመያዣው አምጡ ይላል። መድኃኒት አቁሙ ወይም ቀንሱ የሚል ቃል ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህ ብቻውን ያስመሰግነዋል።

አሠራሩ ግማሽ በግማሽ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ እና ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሠላሳ ደቂቃ የጡንቻ ሥራ። ከራሱ ያመጣው ነገር አይደለም። አሜሪካ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመራው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 70 የሆኑ፣ ኪሎና ግፊታቸው ከፍ ያለ 406 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። የልብና የትንፋሽ ሥራ፣ እንደ ፈጠን ያለ እርምጃ ያለውን፣ ብቻ የሠሩትና ግማሽ በግማሽ ያደረጉት ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የሰውነት ስብ ተደምሮ ሲታይ ምንም ካልሠሩት ተሽለው ተገኙ። ብረት ብቻ ያነሱት ግን በዚህ ድምር አልተለዩም። ጉልበትም ትንፋሽም አንድ ላይ ያተረፉት ሁለቱን ያቀላቀሉት ናቸው፣ ያውም በዚያችው አንድ ሰዓት። ብረት ብቻ እያነሳችሁ «ልቤን እየጠበቅሁ ነው» የምትሉ ወንድሞች፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

እርምጃውን ያለ ጥድፊያ ያስጀምራል። ጀማሪ አሥር ደቂቃ ሄዶ፣ አርፎ፣ አሥር ደቂቃ ይደግማል፤ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይጨመርለታል። ፍጥነቱን በልብ ምት ይመራዋል። የ50 ዓመት ሰው፣ ተቀምጦ ልቡ በደቂቃ 80 የሚመታ ከሆነ፣ ከ220 ላይ ዕድሜው 50 ሲቀነስ 170 ይሆናል፣ የልቡ ከፍተኛ ምት ግምት ነው፤ ከዚያ ላይ 80 ሲቀነስ 90 ይቀራል። የዚህን ግማሽ 45ን በ80 ላይ ሲደምር 125 ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያ አካባቢ ነው። ቆም ሲሉ ወዲያው ለ15 ሰከንድ ይቆጠራል፣ 31 ገደማ ከመጣ ደህና ነው። ቆይተው ከቆጠሩት ምቱ ወርዶ ይጠብቃል፣ ሰውም «ገና ነኝ» ብሎ ያለ አቅሙ ይሮጣል። አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ሒሳብ አይሆንም። መድኃኒቱ ልብን ስለሚያረጋጋው ቁጥሩን ላምጣ ብሎ ሲታገል ራሱን ይጎዳል። እነሱን በወሬ ይለካቸዋል፦ ከጎን ካለው ሰው ጋር እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ ዘፈን ግን ትንፋሽ ካሳጣቸው ልኩ ላይ ናቸው።

የጡንቻው ሥራ ለየት ያለ ዕቃ አይፈልግም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ወደ ጎድን መሳብ፣ ተረከዝ ማንሳት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ከመሬት ማንሳት፣ በመጨረሻ በሁለት እጅ ጀሪካን ይዞ መራመድ። እያንዳንዱ 12 ጊዜ፣ መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ሲለመድ ሁለት፤ በመሃል አንድ ደቂቃ ተኩል ዕረፍት። አምስት ሊትር በምትይዘው የዘይት ጀሪካን ሁለት ሊትር ውኃ ተደርጎ ይጀመራል፣ ሁለት ኪሎ መሆኑ ነው። 15 ጊዜ ሳይዛነፍ ያነሳ ሰው በሚቀጥለው ግማሽ ሊትር ይጨመርለታል፣ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስስ ጭማሪ ውድ ብረት ባለበት ቤት እንኳ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስህተት ሲያይ ደግሞ ዓይኑ አያልፍም። ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ ወንበሩን በትራስ ከፍ ያደርግለታል፤ ዝቅ ያለ ወንበር ከባድ ሰውነት ሲነሳ ጉልበትን ይፈጀዋል። «ስትነሳ አስወጣ፣ ስትቀመጥ አስገባ» የምትለዋን የትንፋሽ ትእዛዝ በቀን ስንቴ እንደሚላት እንጃ! ሲጨርሱም ዝም ብሎ መቆም የለም፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ አለ። ድንገት ሲቆም ደም እግር ላይ ይቀርና ራስ ያዞራል፣ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ስኳራቸው ድንገት እንዳይወርድ ሳይቀምሱ አይጀምሩም፣ ቴምርና ጁስ ከኪሱ አይለይም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን በአንድ ባጃጅ ነጂ ነገር ነው። ሰውየው ፈጠን ብሎ ሲራመድ መንጋጋው ይከብደዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል። ጥርሱ መስሎት ሊያስነቅለው ቀጠሮ ይዞ ነበር። ይህን እንደ ቀልድ ለጓደኛው ሲያወራ ኮች ሰማውና አስቁሞ አስቀመጠው። «ስትሄድ ይመጣል፣ ስትቆም ይሄዳል? ይሄ የጥርስ ጠባይ አይደለም፣ ልብህ ይሆናል» ብሎ፣ የቀሩትን ሰዎች ወደየቤታቸው ሸኝቶ አብሮት ሆስፒታል ሄደ። እስኪመሽ አጠገቡ ነበር፤ ሚስቱም እስክትደርስ አልተነሳም። ሐኪሞቹ ያደረጉለትን ዝርዝር አልገባበትም፣ የልቡ ደም ሥር ጠቦ መገኘቱንና መድኃኒት መጀመሩን ብቻ ነው የማውቀው። የወሩን ክፍያ መለሰለት። በኋላ ሰውየው ሐኪሙ የፈቀደበትን ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ከአዲስ ሰውም ዝቅ አድርጎ በአምስት ደቂቃ እርምጃ አስጀመረው። እንዲህ ያለ ሰው ነው! ተማሪውን የሚያይ፣ የሚሰማ።

ቁጣም አለበት፣ ልንገራችሁ። ከበርጫ በኋላ «ትንሽ ልሥራ» ብሎ የመጣን ሰው አያስገባም፤ ጫት ራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ላዩ ላይ ስፖርት አይደረብም። እንደ ድሬ ልጅ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» እያለ ነው የሚቆጣው፣ ማንም አይቀየመውም። ሚዛን ላይ ቶሎ ቶሎ መውጣትንም አይወድም። ኪሎ ሳይወርድ ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ግፊት ባለበት ሰው ላይ የዘወትር እርምጃ የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ ሲቋረጥ ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ወር ሠርታችሁ «ኪሎዬ ያው ነው» ብላችሁ እንዳትጠፉ።

የሐረር ልጆች፣ በየጊዜው ድሬ መውረድ አይጠበቅባችሁም። መጥታችሁ ተለክታችሁ አሠራሩን ተምራችሁ ተመለሱ። ጀጎል ውስጥ ዳገት ስለሚበዛ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከግንቡ ውጭ ደልዳላ መንገድ ፈልጉ፤ በዳገት ላይ ያው ፍጥነት ልብን እጅግ ይጭነዋል።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ውኃ፣ መድኃኒታችሁን ከነመያዣው ይዛችሁ ሂዱ። ደረት የሚይዘው ወይም ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይየው፣ አለዚያ ኮች ራሱ ይመልሰዋል። ሴቶች ለብቻ የሚሠሩበት ሰዓት አለ። በረመዳን ሥራው ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይዞራል፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ግን ጾሙንም ስፖርቱንም አስቀድመው ከሐኪማቸው ይነጋገሩ። ስልኩን እዚህ አላስቀምጥም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።