«ከአረም ነጻ ሳር በ45 ቀን» ለሚላችሁ ሰው ቀብድ አትስጡ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ቤት ሠርታችሁ ግቢያችሁን ሳር ልታለብሱ ያሰባችሁ ሰዎች፣ እጃችሁን ወደ ኪስ ከመስደዳችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

120 ካሬ የምትሆን ባዶ ግቢ አለችኝ። አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ያወልቃል። አምና ሰኔ ላይ «ግሪነሪ እንሠራለን» የሚል ሰው መጣ። ዘሩ የውጭ ነው፣ ከአረም ነጻ ነው፣ በ45 ቀን ምንጣፍ ይሆናል፣ ዋስትናም አለው አለኝ። ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ፎቶው የኛ አገር ግቢ አይመስልም ነበር። ቢሆንም ግማሹን ከፈልኩ።

ሥራው የተጀመረው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ ነው። አካፋው የቆረጠው ጓል እንደ ሳሙና ያብለጨልጫል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ተወልደው ያደጉ ጎረቤቴ በአጥር አሻግረው አዩና «ልጄ፣ መረሬ እርጥቡን አይነካም፤ ጡብ ይሆንብሃል» አሉኝ። ሰውየው ቀበል አድርጎ «አባባ፣ ይሄ በዘመናዊ መንገድ ነው» አላቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ገቡ። ያኔ መስማት ነበረብኝ። የእነዋሪ ገበሬ እኮ ሰፊ መደብ በእጁ እያበጀ፣ ውሃውን በቦይ እያሸሸ ነው ስንዴውን ከመረሬ የሚያወጣው።

ቀጥሎ አሸዋ ደፉበት፤ «አፈሩን ያላላዋል» ተብሎ። ሐሰት ነው። ሸክላ የበዛበትን አፈር በአሸዋ ለመለወጥ ከግማሽ በላይ አሸዋ ያስፈልጋል። በጥቂቱ ከቀላቀላችሁት በበጋ ሲደርቅ ለግድግዳ የሚሆን ጭቃ አገኛችሁ ማለት ነው። በላዩ ደግሞ አንድ ሲኖ «ለም አፈር» ከአንድ ማሳ አምጥተው ገለበጡ። ለምነቱስ ለም ነበር! በሦስት ሳምንት ውስጥ ሙጃ፣ መጭ፣ ማገጥ፣ ጎርጠብ፣ ያልበቀለ ነገር የለም።

ዋናው ማታለያ እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አረሙ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። የአረም ዘር መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና ቆፍራችሁ ብርሃን ስታሳዩት ይነሣል። የሳር ዘር ሸጦ ከአረም ነጻ ግቢ ቃል የሚገባ ሰው የሌለውን ነገር ነው የሚሸጠው።

ዘሩስ? በፌስታል የታሰረ 2 ኪሎ ነው። ስም የለው፣ የተመረመረበት ቀን የለው፣ የብቅለት መቶኛ የለው። ራይግራስ የሚባለው የሳር ዓይነት ነው ተብዬ ነበር። ራይግራስ ከሆነ በካሬ ከ30 እስከ 40 ግራም ይዘራል። ለ120 ካሬ ከ3 ኪሎ ተኩል አያንስም። እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ቀሪውን ከከፈልኩ በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ራይግራስ የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ ነው። ዘሩን በዓይን አይቶ ልለየው ማለት ይከብዳል።) በዚያ ላይ ግማሹን ጎርፍ ጥጉ ላይ ከምሮት ነበር። ሳሩ እዚያች ጥግ ላይ ብቻ እንደ ችግኝ መደብ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ።

ስደውል «መድኃኒት እንረጫለን» አለኝና ቱ ፎር ዲ ይዞ መጣ። ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ነው የሚገድለው። ሙጃው ራሱ የሳር ዓይነት ስለሆነ ምንም አልሆነም፣ እንግጫውም ከቁብ አልቆጠረው። ግላይፎሴት ላድርግ ቢላችሁ ደግሞ እሱ ሳሩንም ጭምር ነው የሚጨርሰው። እንግጫን ለመለየት ግንዱን በሁለት ጣት አሽከርክሩት፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ቅጠሉን ብትነቅሉ ከሥር ያለው ይቀርና ተመልሶ ይመጣል። ጎጃም ላይ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጆች እየዘፈኑ ይነቅሉታል። እኔ ሳልዘፍን ነቀልኩ። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ደረሰኝ ስላልተቀበልኩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ደረሰኝና የጽሑፍ ውል ከሌላችሁ ግን ክርክሩ አፍ ለአፍ ነው።

ዘንድሮ በጎረቤቴ ምክር ራሴ ሠራሁት። የካቲት ላይ አፈሩን በእጄ ጨበጥኩት። እንደ ገመድ ከተድቦለቦለ እተወዋለሁ፣ ከተፈረፈረ እቆፍራለሁ። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ኮምፖስት አልብሼ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ጋር ደባለቅሁት። ኮምፖስቱ በደንብ የበሰለ ይሁን። ጥሬ የበግ ፍግ ራሱ አረም ይዞ ይመጣል። መሐሉን ትንሽ ከፍ አደረግሁ፣ ዙሪያውን ቦይ አወጣሁ። ከዚያ ምንም አልዘራሁም። ውሃ አጠጣሁና አረሙ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ሲወጣ መሬቱን ጠልቄ ሳልቆፍር ላይ ላዩን በመኮትኮቻ ላጨሁት። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። እውነቱን ለመናገር ይሄ አሰልቺ ነው፤ ሰውየው በ45 ቀን ውስጥ የዘለለውም ይሄንን ነው። ዘሩን ግንቦት ላይ፣ ከባዱ ዝናብ ሳይመጣ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ አፈር ሸፈንኩት። ከመግዛቴ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ስንቱ እንደሚበቅል ቆጥሬያለሁ። ነጋዴው አስቀድማችሁ ሞክሩት ካላለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ሌላም አለ። ሙቀት የሚወዱ የሰርዶ ዓይነት ሳሮችን ለደጋ ግቢ የሚሸጡ አሉ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያገረጣቸዋል። ስሙ በግልጽ ያልተጻፈበትን ዘር አትግዙ። ለሠራተኛ ስትከፍሉም በየደረጃው ክፈሉ፤ ቁፋሮው ሲያልቅ፣ አረሙ ሁለቴ ሲላጭ፣ ሳሩ ሲበቅል።

የኔ ግቢ አሁን አረንጓዴ ነው። ከአረም ነጻ ግን አይደለም። ማገጥ እዚህም እዚያም አለች፣ በበሩ በኩል ደግሞ እንግጫዋ አልለቀቀችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ መሬቱ ለስለስ ሲል፣ ቢላ ይዤ እወጣለሁ።