የቤተ ሙከራችንን አኳሪየም ብርሃን ላስተካከሉልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ዕፅዋት የተተከሉበት አኳሪየም ያላችሁ ወይም ለማዘጋጀት የምታስቡ ሰዎች ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማመሰግናቸው ሰው በሙያቸው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ መስታወት በሲሊኮን እያጣበቁ አኳሪየም መሥራትም የቆየ ሥራቸው ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ አልጽፈውም። ተማሪዎቼ "ጋሼ" እያሉ ስለሚጠሯቸው እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። አኳሪየሙን ወላጆች አዋጥተው ለቤተ ሙከራችን የገዙልን ሲሆን ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠጠሩና እንጨቱ ከገባ በኋላ ወደ 110 ሊትር ውሃ ይይዛል። የሸጠው ድርጅት ከላይ የገጠመበት መብራት ግን ለግቢ የሚሆን ባለ 50 ዋት ፓውዛ ነበር፤ ብርሃን በበዛ ቁጥር ተክሉ ይፋፋል በሚል። ብዙም ሳይቆይ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሦቹ ወደ መስታወቱ ካልተጠጉ በቀር አይታዩም ነበር። አኑቢያስ የተባለውን የውሃ ተክል ቅጠሎች ድርቅ ያለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሸፈናቸው። ሌላ ሻጭ ደግሞ መፍትሔው ቀይና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ሐምራዊ መብራት ነው ብሎ ዋጋ ነገረን። ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

ጋሼ መጥተው ገንዳውን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ የጠየቁት ስለ ዋት ሳይሆን "ምን ምን ተክላችኋል?" ብለው ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪንና ቫሊስኔሪያ መሆናቸውን ነገርናቸው። "እነዚህ በትንሽ ብርሃን የሚኖሩ ናቸው" አሉ። መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑትን ደቃቅ ተክሎች ወይም ቀያዮቹን የሮታላ ዝርያዎች ብንፈልግ ብርቱ መብራት፣ ከሲሊንደር የሚለቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የማያቋርጥ ማዳበሪያ እንደሚያስፈልገን አስረዱን። ካርቦኑም ማዳበሪያውም ሳይኖር ብርሃኑን ብቻ ማብዛት ግን ትርፉን ውሃውንና ቅጠሉን አረንጓዴ ላለበሰው ለአልጌ መስጠት ነው። እኔ በየዓመቱ የፎቶሲንተሲስ ፍጥነትን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ግብዓት ነው እያልኩ በሰሌዳ ላይ ግራፍ እሥላለሁ፤ እሳቸው ያንኑ ሐሳብ ገንዳው አጠገብ ቆመው ለተማሪዎቹ አሳዩልኝ።

ሐምራዊውን መብራት አልተቀበሉትም። ተክል በዚያ ብርሃን ማደጉን አልካዱም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ጠቁሮ ስለሚታይ ተማሪዎቹ የሚመለከቱት ነገር አይኖርም አሉ። በዚህ ላይ እኔም የምጨምረው አለኝ። ተክል አረንጓዴ ብርሃንን ጨርሶ አይጠቀምም የሚለው አባባል ክሎሮፊል (የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ የሚያሳየውን ግራፍ በጥድፊያ ከማንበብ የመጣ ነው። ከቅጠል ተጨምቆ የወጣ ክሎሮፊል አረንጓዴን እምብዛም አይውጥም፤ ሙሉ ቅጠል ግን ከሚደርሰው አረንጓዴ ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ነጭ ብርሃን ለተክሉም ለተመልካቹም ይሆናል።

የመረጡልን ከመርካቶ በቀላሉ የሚገኝ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ የብርሃኑን ነጭነት የሚያመለክት 6500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት የኤልኢዲ ቱቦ ነው። ሁለት ገጠሙ፤ እያንዳንዱ 10 ዋት ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 1,900 ሉመን (መብራት የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) ይሰጣሉ፤ ይህም ለአንድ ሊትር ውሃ 17 ሉመን ያህል ነው። በተለምዶ ለእንደኛዎቹ ተክሎች በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ይበቃል ይባላል። በዋት ማስላቱ የድሮው ፍሎረሰንት ዘመን ልማድ መሆኑን፣ ሁለት እኩል ዋት ያላቸው መብራቶች የሚሰጡት ብርሃን እጅግ ሊለያይ እንደሚችል በሥዕል አስረድተውናል።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ልኬታቸው ነው። ገንዳውን ለማጽዳት ባዶ ባደረግንበት ጊዜ የሉክስ መለኪያቸውን፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚለካውን መሣሪያ፣ ወለሉ ላይ አስቀምጠው መሐሉንም ማዕዘኖቹንም ለኩ። መሐሉ ወደ 2,500፣ ማዕዘኖቹ ወደ 1,500 ሉክስ ሆኑ። ሉክስ ለሰው ዓይን ተብሎ የተሠራ መለኪያ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ ለአረንጓዴ ያደላል። ተክል የሚጠቀመው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለውን ብርሃን ሁሉ ነው። ለነጭ ኤልኢዲ ግን ሉክሱን ለ70 ገደማ ብናካፍለው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ የሚያርፈውን ብርሃን በማይክሮሞል (የብርሃን ቅንጣቶች መቁጠሪያ) መገመት ይቻላል። የእኛ መሐሉ 36፣ ማዕዘኑ 21 ያህል መሆኑ ነው። በዚህ መሠረት ቫሊስኔሪያው መሐል ገባ፤ አኑቢያሱ ወደ ማዕዘኑ፣ ከእንጨቱ ጥላ ሥር ሄደ። አኑቢያስ ቅጠል የሚያወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ብርሃን ከበዛበት አሮጌው ቅጠል ላይ አልጌ ይሰፍርበታል። ግንዱም ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ እንጨቱ ላይ በክር አሰሩት።

ልጆች ያሉበት ክፍል ነውና ስለ ጥንቃቄያቸው ሳልናገር አላልፍም። ቱቦዎቹ በ220 ቮልት ስለሚሠሩ ውሃ በማያስገባ መያዣ ውስጥ ከተቷቸው። መያዣውን ከመስታወት ክዳኑ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በብረት እግር አቆሙት። የሶኬቱን መስመር 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሾልኮ ሲወጣ ወዲያው በሚቆርጥ ብሬከር አሳለፉት። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ታጥፎ ወደ ላይ እንዲወጣ አደረጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከእጥፋቱ መሬት ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይዘልቅም። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ቤታችሁ ያለውን አኳሪየም ዛሬውኑ እዩት።

ታይመሩንም በደንብ አስበውበታል። ተሽከርካሪው ርካሽ ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ስለሚቀጥል ሰዓቱ ይዛባል። እሳቸው የገጠሙልን የውስጥ ባትሪ ያለውን ዲጂታሉን ነው። መጀመሪያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ማለትም ለ6 ሰዓት ብቻ እንዲበራ አደረጉ፤ ተክሎቹ ሥር ከያዙ በኋላ አንድ ሰዓት ጨመሩ። ታይመሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚሠራ ጥበቃው እንዳይሳሳት ሁለቱንም ሰዓት በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ገንዳው በምሥራቅ መስኮት ትይዩ ነበር፤ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርነው። የአዲስ አበባ የጠዋት ፀሐይ በመስታወት በኩል በቀጥታ እየገባ የትኛውም ታይመር ብቻውን ውሃውን አረንጓዴ ከመሆን አያድነውም።

አሁን ውሃው ጠርቷል፤ ክሪፕቶኮሪኑ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ቫሊስኔሪያውም በጠጠሩ ሥር እየተሳበ ልጆች አፍርቷል። በአገራችን ሐይቆችም የሚገኘውን ሴራቶፊለም የተባለ የውሃ ተክል በብርጭቆ አድርገን የኦክስጅን አረፋ የመቁጠር ሙከራ ስንሠራ ጋሼ የእጅ መብራት ይዘው መጡልን። መብራቱ ሲርቅ አረፋው እየቀነሰ ሄደ። ሲቀርብ ጨመረ፤ በጣም ሲቀርብ ግን መጨመሩን አቆመ። ውሃው ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ስንጨምር አረፋው እንደገና በረከተ፤ ምክንያቱም ጎድሎ የነበረውን ካርቦን ሶዳው ሰጠው። አንዷ ተማሪ "ስለዚህ ፓውዛው የጎደለንን አልሰጠንም ማለት ነው" አለች። ጋሼ ደስ ብሏቸው ራሷን ዳሰሷት።

ልትጠሯቸው የምታስቡ ሰዎች ማወቅ የሚገባችሁ ነገር አለ። ፈጣን ሠራተኛ አይደሉም፤ ተራ ትጠብቃላችሁ፤ ሥራውንም እየለኩና እየጻፉ ነው የሚሠሩት። ለችኩል ሰው አይሆኑም። ዋጋቸውን ግን አስቀድመው ይናገራሉ፤ የዕቃውን ደረሰኝ ለይተው ያስረክባሉ። እኛ ለመብራት ከያዝነው ገንዘብ ተርፎ ማሞቂያ ገዝተንበታል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ለሞቃት ውሃ ዓሦች ስለሚቀዘቅዝ እጅግ ያስፈልገን ነበር።

ጋሼ፣ ተማሪዎቼም እኔም ከልብ እናመሰግንዎታለን፤ እጅዎ ይባረክ። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላቸው የገንዳችሁን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ የተክሎቻችሁን ዓይነት እንዲሁም የመስኮቱን አቅጣጫ አዘጋጁ። የባሕር ውሃ አኳሪየም መብራት ግን አይሠሩም፤ ስለዚያ የጠየቋቸውን ሰዎች "የማላውቀውን አልነካም" ብለው መልሰዋቸዋል።