ጠባሴ ላይ «ሦስት ጠረጴዛ ያለው ፒንቦል» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ አንዴ ቆዩማ

ባለፈው ቅዳሜ በዚህ የኮምፒውተር ጌም 400 ብር ተበላሁ (ጠረጴዛ የሚሉት ኳሱ የሚንከባለልበትን ሜዳ ነው)። የሸጠልኝ ልጅ አሁንም እየሸጠ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ፍላሽና ቻርጀር ከሚሸጡት ትንንሽ ሱቆች አንዱ ነው። ቻርጀር ልገዛ ነበር የገባሁት። «ጋሼ፣ የድሮው ፒንቦል አለኝ። ሙሉው! ሦስቱም ጠረጴዛ፣ ለአዲሱ ዊንዶውስ ተስተካክሎ የተሠራ» አለኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ምን ላድርግ፣ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ደቂቃ እየቆጠረብን የግራውን መምቻ በዜድ ቁልፍ ስንማታ ነው ያደግነው።

ሙሉው የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ሲኒማትሮኒክስ የሠራው፣ ማክሲስ በ1995 (በፈረንጆቹ) ያወጣው ፉል ቲልት የሚባል ጌም ሦስት ጠረጴዛ ነበረው፦ የጠፈሩ ስፔስ ካዴት፣ የባሕር ወንበዴዎቹ ስከልደገሪ፣ የዘንዶው ድራገንስ ኪፕ። ከዊንዶውስ ጋር የደረሰን የጠፈሩ ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን አንድ ቀን አያለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ልጁም ያገኘኝ እዚህ ላይ ነው።

ጌሙን የጫነበትን ፍላሽ ቤት ገብቼ ሰካሁት። ሦስት ምልክት አለ፤ አንዱ ዘንዶ፣ አንዱ የራስ ቅል፣ አንዱ መንኮራኩር። ዘንዶውን ከፈትኩ። ያው ጠፈር! የራስ ቅሉን ከፈትኩ። ያው ጠፈር፣ በቀኝ በኩል ያው ነጥብ መቁጠሪያ፣ ያው ሦስት ኳስ። አንዱን ጌም ሦስቴ ኮፒ አድርጎ ስሙንና ሥዕሉን ቀይሮ ሸጠልኝ።

«ተስተካክሎ የተሠራ» የምትለዋም ወሬ ናት። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን እንደጻፈው፣ ጌሙ ከአዲሶቹ ዊንዶውስ የቀረው አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ወደሚሠሩበት ወደ 64 ቢት ሲያዞሩት ኳሱ ያገኘውን ሁሉ ሰንጥቆ እያለፈ ስላስቸገራቸው ነው። የድሮው የ32 ቢት ቅጂ ግን ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር የምታውቁ ካላችሁ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ዊንዶውስ ኤንቲ የሚለውን ክፈቱ፤ ፒንቦል የሚል ፎልደር አለ። እንዳለ ኮፒ አድርጉት። ዊንዶውስ 10 ላይ ይከፈታል፣ አምስት ሳንቲም ሳታወጡ።

ሰኞ ይዤለት ሄድኩ። «ጋሼ፣ አንዴ ከተሰካ አንመልስም» አለኝ፣ ፊቱን እንኳ ከስልኩ ሳያነሳ።

የግድ እገዛለሁ ካላችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሦስቱንም አስከፍታችሁ እዩ። በሥዕሉ እንዳትሸወዱ። ወንበዴና ዘንዶ በዓይናችሁ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

ፍላሹን አጥፍቼ የእናቴን መዝሙር ጭኜበታለሁ። 8 ጊጋ ነው ያለው እንኳ እውነት ሆኖ ተገኘ።