«4ኬ ሚረርለስ ከነፓኬጁ» በሚል የሚቀርበውን ሽያጭ ተጠንቀቁ

በአዲስ አበባ የካሜራ ገበያ፣ በተለይም በቴሌግራም የሽያጭ ገጾች ላይ፣ ለቪዲዮ ሥራ ካሜራ ለሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ሽያጭ ደጋግሞ ይቀርባል። አንደኛው «ፕሮፌሽናል ዲኤስኤልአር» ተብሎ ከትራይፖድ፣ ከቦርሳ፣ ከሚሞሪ ካርድና ከተጨማሪ ሌንሶች ጋር በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ፓኬጅ ነው። ሁለተኛው ሻጩ በእጃችሁ ያለውን ዲኤስኤልአር ተቀብሎ፣ በላዩ ገንዘብ አስጨምሮ «4ኬ ሚረርለስ»፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለውና ከፉል ኤችዲ በላቀ የምስል ጥራት የሚቀርጽ ካሜራ፣ የሚሰጥበት ልውውጥ ነው። ሁለቱም ለቪዲዮ ብሎ ገንዘቡን ለሚያወጣ ሰው በአብዛኛው ኪሳራ ናቸው። ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ገዢው የተሻለ ነገር እንዳገኘ አምኖ፣ አመስግኖ የሚወጣበት ሽያጭ ነውና። ሻጩ ዋሸ ለማለት እንኳ ይቸግራል። ካሜራው በእርግጥ ሚረርለስ ነው፤ በእርግጥም 4ኬ ይቀርጻል። ሳይነገር የሚቀረው ካሜራው 4ኬ ላይ ሲደረግ የሚያጣው ነገር ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ካሜራዎች ልዩነት ከቪዲዮ አንጻር ብቻ ማየት ያስፈልጋል። ዲኤስኤልአር ከሌንሱ የሚገባውን ብርሃን በመስታወት አማካይነት ወደ ቪውፋይንደሩ፣ ማለትም በዓይን ወደሚታይበት መስኮት፣ ይመልሳል፤ ከፊሉንም ከታች ወደተቀመጠው የፎከስ መለኪያ ይልካል። ፎቶ ሲያነሳ ፎከሱ ፈጣን የሚሆነው በዚህ መለኪያ ምክንያት ነው። ቪዲዮ ሲጀመር ግን ብርሃኑ ሳይቋረጥ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ መድረስ ስላለበት መስታወቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፣ ያ ፈጣን መለኪያም ከሥራ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ቪዲዮ በመቅረጽ ላይ ያለ ዲኤስኤልአር፣ ቪውፋይንደር የሌለውና ክብደቱ የበዛ ሚረርለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ሴንሰሩ ራሱ ፎከስ መያዝ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ካኖን ለዚህ ዱዋል ፒክስል የተባለውን ዘዴ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 በ70ዲ ካሜራው ነው። ዘዴው የሌለው የካኖን ዲኤስኤልአር ቪዲዮ ላይ ሲሆን በአብዛኛው ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ጥራቱ የሚጨምርበትን ቦታ በሙከራ ይፈልጋል፤ ይህ ፍለጋም በቪዲዮው ውስጥ ይታያል።

ዲኤስኤልአር በቪዲዮ ያተረፈው ስም ከሌላ ዘመን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 በ720ፒ ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆኖ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በትልቅ ሴንሰር ፉል ኤችዲ ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ የነበሩት አነስተኛ ካምኮርደሮች ሊሰጡ የማይችሉትን፣ የጀርባ ምስልን የሚያደበዝዝ የሲኒማ መልክ በአነስተኛ ገንዘብ ማግኘት የተቻለው ያኔ ነው። ዛሬ «ዲኤስኤልአር ፕሮፌሽናል ነው» የሚለው ሻጭ በዚያ ዘመን ስም እየሸጠ ነው።

በዚህ ስም ከሚሸጡት ሁሉ ለቪዲዮ እጅግ የማይመከረው ካኖን 4000ዲ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ታስቦ በርካሽ የተሠራ ካሜራ ነው። 4ኬ የለውም፤ ፉል ኤችዲውም በሰከንድ ከ30 ፍሬም አያልፍም። የውጭ ማይክ መሰኪያ ስለሌለው ድምፅ የሚቀዳው በራሱ ትንሽ ማይክ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ አይታጠፍም፤ ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ዱዋል ፒክስልም የለውም። አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ ብዙውን ጊዜ ማረጋጊያ የሌለው ዓይነት በመሆኑ በእጅ ተይዞ የተቀረጸ ቪዲዮ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተሩ ድምፅም በማይኩ ይሰማል። «ተጨማሪ ሌንሶች» የሚባሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ በዋናው ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዙ መስታወቶች ናቸው፤ የምስሉን ጠርዝ ከማደብዘዝ በቀር ለሥራ አይውሉም። ትራይፖዱም ቢሆን ለቪዲዮ የሚሆን፣ ካሜራውን ሳያንገጫግጭ የሚያዞር ጭንቅላት የለውም። የፓኬጁ ዋጋ ከፍ ብሎ እንዲታይ ያደረገው የዕቃው ብዛት ሲሆን፣ ለቪዲዮ የሚጠቅመው ግን ከውስጡ ቦርሳው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ልውውጡ ልመለስ። በሰርግ ቀረጻ የሚተዳደር አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ካኖን 80ዲ ካሜራውን ከነሌንሱ አስረክቦ፣ በላዩም ገንዘብ ጨምሮ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ ካኖን ኤም50 ወሰደ። ሻጩ የነገረው ሦስት ነገር ነበር፦ ሚረርለስ ነው፣ 4ኬ ነው፣ ኦቶፎከሱ ዱዋል ፒክስል ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው እውነት ናቸው፤ አንድ ላይ ግን እውነት አይደሉም። ኤም50 4ኬ ላይ ሲደረግ ዱዋል ፒክስሉ አይሠራም፤ ካሜራው ወደ አሮጌው የፎከስ ፍለጋ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ከሴንሰሩ የመሐሉን ክፍል ብቻ ቆርጦ ስለሚጠቀም ምስሉ በ1.6 እጥፍ ገደማ ይጠብባል፤ 15 ሚሊሜትር ላይ ያለው ሌንስ 24 ሚሊሜትር አካባቢ እንዳለ ሆኖ ያሳያል። ይህ ወጣት በአዳራሽ ውስጥ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን በአንድ ምስል ለማስገባት ወደኋላ ሲሸሽ ግድግዳው ከለከለው፤ ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ስትመጣም ፎከሱ ከኋላዋ ያለውን ጌጥ ይዞ ቀረ። መፍትሔው ካሜራውን ወደ ፉል ኤችዲ መመለስ ነበር፤ እዚያ ላይ ስፋቱም ኦቶፎከሱም ይመለሳሉ። ነገር ግን ፉል ኤችዲ በሰከንድ 60 ፍሬም ከዱዋል ፒክስል ጋር በሸጠው 80ዲ ላይም ነበረው፤ ኤም50 የሌለውን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም ጭምር። ገንዘብ ጨምሮ የገዛው የነበረውን ነው።

ልውውጡን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ኤም50ም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 የተዋወቀው ተከታዩ ኤም50 ማርክ 2 የሚጠቀሙት ኢኤፍ-ኤም በተባለው የሌንስ መግጠሚያ ሲሆን፣ የዚህ መስመር ምርት እ.ኤ.አ. በ2023 ቆሟል። ሌንሶቹ በአዲሱ የካኖን አርኤፍ መግጠሚያ አይገጠሙም፤ የአርኤፍ ሌንሶችም በእሱ አይገጠሙም። ካሜራውን ነገ ስትቀይሩ ሌንሶቹም አብረው ይቀየራሉ ማለት ነው። በአንጻሩ የዲኤስኤልአሩ ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር አማካይነት በአርኤፍ ካሜራዎች ላይ ኦቶፎከሳቸውን ሳያጡ ይሠራሉ፤ በልውውጥ ያለ በቂ ዋጋ የሚሰጡት ግን እነዚሁ ሌንሶች ናቸው።

ይህ የኤም50 ብቻ ጉድለት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ካኖን አር100፣ አዲስና ሚረርለስ ሆኖ ሳለ፣ 4ኬ ላይ ምስሉን ይቆርጣል፤ ዱዋል ፒክስሉንም ይተዋል፤ ስክሪኑም በንክኪ አይሠራም። ዲኤስኤልአር የሆነው 250ዲም በ4ኬ ተመሳሳይ ችግር አለበት። በሌላ በኩል በዚያው በ2023 የወጣው አር50 ሙሉውን የሴንሰር ስፋት ተጠቅሞ፣ ከ6ኬ ወደ 4ኬ አሳንሶ፣ ኦቶፎከሱን ሳያጣ ይቀርጻል። አር50 እና አር100 ስማቸው ተቀራራቢ ስለሆነና በእኛ ገበያ ብዙው ሰው ቁጥሩ የበዛው ይበልጣል ብሎ ስለሚገምት፣ ሁለቱን ማምታታት ለሻጩ ቀላል ነው። እንደ እኔ እምነት ዛሬ ለቪዲዮ አዲስ ካሜራ የሚገዛ ሰው ሚረርለስ መግዛት አለበት፤ ነገር ግን ጥሩ 80ዲ ያለው ሰው፣ ከተቆረጠ 4ኬ ይልቅ በያዘው ፉል ኤችዲ እየሠራ ገንዘብ ቢያጠራቅም ይሻለዋል።

ከፍ ያለ በጀት ላላቸው ደግሞ ሊጠይቁት የሚገባው ከ4ኬ በኋላ ያለው ነገር ነው። ብዙ ካሜራዎች የሚቀርጹት በ8 ቢት ሲሆን፣ ይህ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ማለት ነው፤ 10 ቢት ግን 1024 ደረጃ አለው። ልዩነቱ ቪዲዮው ከካሜራ እንደወጣ አይታይም። ቀለሙ በኤዲቲንግ ሲነካ ግን በ8 ቢት የተቀረጸ ሰማይ ወይም በባለቀለም መብራት የተሞላ የአዳራሽ ግድግዳ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሸነሸናል። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ጥሩ ኦቶፎከስና በአካሉ ውስጥ ማረጋጊያ አለው፤ ነገር ግን 8 ቢት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች5 በውስጡ 10 ቢት ይቀርጻል፤ የእሱ ድክመት ኦቶፎከሱ ነው። ሶኒ ኤ6400 ኦቶፎከሱ የታመነ ነው፤ በአካሉ ውስጥ ግን ማረጋጊያ የለውም፤ በፍጥነት ሲዞርም ቀጥ ያለው ምሰሶ ያዘነብላል። ሁሉንም የያዘ ርካሽ ካሜራ አለ የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

በአሮጌ ዲኤስኤልአር ፉል ኤችዲ ላይ አንድ የምናውቀው ችግር አለ፤ ለእኛ ሥራ ደግሞ ከሌላው ሀገር የበለጠ ይከብዳል። አብዛኞቹ ካሜራዎች የሴንሰሩን መስመሮች ሁሉ ሳያነቡ እየዘለሉ ስለሚቀርጹ፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለትና የሸማው ድር ላይ በእውኑ የሌለ፣ የሚንቀሳቀስ ባለቀለም ሞገድ ይፈጠራል። በኤዲቲንግ ማጥፋት አድካሚ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳካም። ሙሉ ሴንሰሩን አንብቦ የሚያሳንስ ሚረርለስ ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሙከራ ቪዲዮ ስትቀርጹ ነጠላ ወይም ጥለት ያለው ልብስ ፊቱ አድርጉለት።

ያገለገለ ካሜራ ሲሸጥ «ሻተር ካውንቱ ትንሽ ነው»፣ ማለትም ያነሳው ፎቶ ጥቂት ነው፣ የሚለው ማረጋገጫ ለፎቶ እንጂ ለቪዲዮ ትርጉም የለውም። ካሜራው ቪዲዮ ሲቀርጽ ሻተሩ ለየፍሬሙ አይከፈትም፣ አይዘጋም፤ ስለዚህ ሰርግ ሲቀርጽ የከረመ ካሜራ ቁጥሩ አዲስ ሊመስል ይችላል። የቪዲዮ አገልግሎቱ የሚታወቀው በተላላጠው የመቅረጫ ቁልፍ፣ በላላው የኤችዲኤምአይና የማይክ መሰኪያ፣ እንዲሁም ሌንሱ ተሸፍኖ ሲቀረጽ በጥቁሩ ላይ በሚታዩት የማይጠፉ ባለቀለም ነጥቦች ነው። ከጃፓን ሀገር ውስጥ ገበያ የመጡ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑ በጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የቋንቋ ምርጫውን ከፍታችሁ እዩ። ሌንሱ የማይነቀል ሆኖ «48 ሜጋፒክስል 4ኬ» የሚል ጽሑፍ ያለበትንና የማይታወቅ ስም የያዘውን ካሜራ ግን መፈተንም አያስፈልግም። አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ነጥብ ሲሆን፣ ከ8.3 ሜጋፒክስል አይበልጥም፤ 48 የሚለው ቁጥር ስለ ቪዲዮው የሚናገረው ነገር የለም።

ለሌላው ካሜራ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፤ ሻጩ ጊዜ ከሰጣችሁ። ፍጥነቱ ለ4ኬ እንደሚበቃ የሚያሳይ ቪ30 ወይም ዩ3 ምልክት ያለበትን የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ በሚሰጣችሁ ካርድ ላይ ካሜራው ቢቆም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቦታ ቆማችሁ መጀመሪያ ፉል ኤችዲ፣ ከዚያ 4ኬ ላይ አድርጉና የምስሉ ስፋት ምን ያህል እንደጠበበ ተመልከቱ። በ4ኬ ላይ እንዳለ አንድ ሰው ከሩቅ ወደ እናንተ እንዲራመድ ጠይቁ፤ ፎከሱ ፊቱን ተከትሎ ይመጣል ወይስ እየጠፋ ይመለሳል የሚለው በዚያ ይለያል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን ለ50 ኸርዝ መብራት በሚስማማው የፓል ምርጫ፣ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሻተር አድርጉት፤ በሱቁ መብራት ሥር የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ብታዩ ብዙውን ጊዜ የዚህ አቀማመጥ ጉዳይ እንጂ የካሜራው ብልሽት አይደለም። ከተቻለ ሳታቋርጡ ለግማሽ ሰዓት አስቀርጹት። ብዙ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸው ያቆማሉ፤ ይህ ገደብ የመጣው በአውሮፓ የጉምሩክ አመዳደብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት ግሎ የሚጠፋም አለ። ሥርዓተ ተክሊል ለሚቀርጽ ሰው ቃል ኪዳኑ መሐል ላይ የሚቆም ካሜራ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም። የተቀረጸውንም በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳይሆን በላፕቶፕ ላይ እዩት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ከላይ እንዳልሁት ካሜራው የተበላሸ ሳይሆን ያልተነገረ ገደብ ያለበት በመሆኑ፣ በቃል የተነገረውን ይዞ ለመከራከር ያስቸግራል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ ወይም በቴሌብር ከማስተላለፋችሁ በፊት የካሜራው ሙሉ የሞዴል ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ የሌንሱ ስም ማረጋጊያ እንዳለው ከሚያሳየው ምልክት ጋር፣ በልውውጥ የሰጣችሁት ዕቃ የተገመተበት ዋጋ፣ እንዲሁም «በ4ኬ ሙሉ ስፋትና ኦቶፎከስ ይሠራል» የሚለው ቃል በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። «ካሜራ» ብቻ ተብሎ የተቆረጠ ደረሰኝ አትቀበሉ። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ስለ ካሜራው ማወቅ የፈለጋችሁትን ነግሯችኋል፤ አሮጌውን ካሜራችሁን ይዛችሁ ውጡ።