ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 15፦ አንዱ ሕግ ያሳመረው፣ ሌላው ሕግ ያበላሸው ስልክ

ስለ አይፎን 15 ካሜራና ፍጥነት የተባለው ተብሏል፤ ዩቲዩብ ሞልቷል። ከእኔ አጭሩን ውሰዱ። 48 ሜጋፒክስል ካሜራው ማታም ቆንጆ ያነሳል፣ ስልኩ አይንቀራፈፍም፣ 6.1 ኢንች ስክሪኑ ለእጅ ይመቻል። በቃ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ስልክ ይዞ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው የሚደሰትበትም የሚበሳጭበትም ነገር በአብዛኛው የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። የሕግ አውጪ ሥራ ነው። ያውም እኛ ያልመረጥናቸው፣ ብራሰልስና ዋሽንግተን የተቀመጡ ሰዎች ያወጡት ሕግ።

ከደስታው ልጀምር። ቻርጀሩ ታይፕ ሲ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ላይትኒንግ የሚባል የራሱን መሰኪያ ሲጠቀም ኖሯል። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲኖረው ደነገገ። አፕል እንዲህ ዓይነቱ ሕግ ፈጠራን ያቀጭጫል እያለ ሲከራከር ነበር። ግን ቀኑ ሳይደርስ፣ ሴፕቴምበር 2023 ላይ አይፎን 15ን በታይፕ ሲ አወጣ፤ ለአውሮፓ ብቻ ሳይሆን ለዓለም በሙሉ። የቀጨጨ ፈጠራ አላየሁም። ያየሁት የእናቴ ቴክኖ፣ የወንድሜ ሳምሰንግ፣ ፓወር ባንኩና የእኔ አይፎን በአንድ ገመድ ቻርጅ ሲደረጉ ነው። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕጉ ግን የመሰኪያውን ዓይነት እንጂ የፋይል ማስተላለፊያውን ፍጥነት አላስገደደም፣ ስለዚህ ተራው አይፎን 15 ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተር ሲያሻግር አሁንም በድሮው ዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው የሚሄደው። ፈጣኑን የምትፈልጉ ፕሮውን እዩ።

አሁን ወደ ብስጭቱ።

ስልኩን እህቴ ናት ከአሜሪካ ያመጣችልኝ። በወርሃዊ ክፍያ የተወሰደ ስለነበር በኔትወርክ ድርጅቱ ተቆልፎ፣ ማለትም የሌላ ኔትወርክ ሲም እንዳይቀበል ተደርጎ ነው የመጣው። እህቴ ቀሪውን ክፍያ አጠናቀቀችና ክፈቱልኝ አለች። ድርጅቱ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲያንከባልላት ከረመ፣ እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብቻ የሚሠራ ውድ ስልክ ይዤ ዞርኩ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የተከፈለበት የራስህ ንብረት ነው፣ ግን ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው። በጣም ያናድዳል።

ሥሩ የቆየ ነው። አሜሪካ በ1998 የዲጂታል ቅጂ መብት ሕጓን ስታወጣ ያሰበችው ፊልምና ሙዚቃ እንዳይሰረቅ ነበር። ነገር ግን የሕጉ አንቀጽ 1201 በቅጂ መብት የተጠበቀ ሥራ ላይ የተደረገን ዲጂታል ቁልፍ መስበርን ከለከለ። የስልክም ሶፍትዌር በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው። በየሦስት ዓመቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሚፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ስልክ መክፈት በ2006 እና በ2010 ተፈቅዶ ነበር። ከዚያ ፈቃዱ ተነሳ፤ ከጃንዋሪ 26 ቀን 2013 በኋላ የተገዛ ስልክን ያለ ኔትወርኩ ፈቃድ መክፈት ሕገ ወጥ ሆነ። ከ114 ሺህ በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ በቀረበ አቤቱታ ላይ ፈረሙ፣ ኦባማም ኦገስት 1 ቀን 2014 ስልክ መክፈትን መልሶ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ደግ አደረጉ። ግን ያ ሕግ ስልኩን የሚከፍተውን ሰው ከወንጀለኝነት አዳነ እንጂ ድርጅቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ስልክ እንዲሸጥ አላስገደደም። ካናዳ ከዲሴምበር 2017፣ እንግሊዝ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ተቆልፎ መሸጥን ራሱን ከልክለዋል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ድሮ ሎክድ አይፎን ሲመጣ አር ሲም የምትባለውን ስስ ቺፕ ከሲሙ ጋር አስገብቶ መገላገል ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣው አይፎን 15 ግን የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም (ስልኩ ውስጥ ተሠርቶ የመጣ፣ በሶፍትዌር የሚሞላ ሲም) ብቻ ነው። ይሄኛው የአፕል ምርጫ ነው፣ ሕግን አልወቅስበትም። ኢሲም ከቴሌ ይወጣል፣ መጀመሪያ ስልኩ ክፍት ከሆነ።

ሶፍትዌር የሚጽፉ ጓደኞቼ ጋ ሕግ ቴክኖሎጂ ውስጥ እጁን ባያስገባ ይሻላል የሚል ወሬ ይበዛል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። በዚያው በ1998ቱ ሕግ ሰበብ ዲሚትሪ ስክልያሮቭ የሚባል ሩሲያዊ ፕሮግራመር የኢ-መጽሐፍ ቁልፍ ስለሚፈታ ሶፍትዌር ላስ ቬጋስ ገለጻ አድርጎ ሲያበቃ፣ ጁላይ 2001 ላይ ታስሯል። ክሱ በኋላ ተነሳለት፤ የሚሠራበት ድርጅት ላይ የቀረበውንም ክስ ዳኞቹ ነፃ ብለው ዘጉት። ሆኖም አንድ ፕሮግራመር ኮድ ስለጻፈ ከታሰረ በኋላ ሌላው ምን ያህል ይደፍራል? ቢሆንም ሁሉንም ሕግ በአንድ ከረጢት መክተት ስህተት ይመስለኛል። አንዱ ሕግ አምራቹን ክፈት ይለዋል። ሌላው ባለቤቱን እንዳትከፍት ይለዋል። ታይፕ ሲ የመጣው ከመጀመሪያው ነው፣ የእኔ መከራ የመጣው ከሁለተኛው።

ጥገናውም ላይ ያው ነው። ስክሪኑ ተሰነጠቀብኝ። መገናኛና መርካቶ ያሉ ልጆች እጃቸው ወርቅ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሰው ከቦርድ ላይ ቺፕ ነቅለው ይተክላሉ። የእኔን ስክሪን የቀየረው ልጅም ሥራው እንከን የለውም። ስልኩ ግን የማይታወቅ ዕቃ ገብቶብኛል የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ የስክሪኑን ቀለም ከክፍሉ ብርሃን ጋር የሚያስማማው ትሩ ቶንም ጠፋ። የመጀመሪያው ዕቃ ከስልኩ ጋር በሶፍትዌር ስለተጣመረ፣ ስልኩ የተተካውን ስለማያውቀው ነው እንጂ የልጁ ጥፋት አይደለም። ኦሪገን የተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ማርች 2024 ላይ ይህን ማጣመር ገደበ። አፕል ተቃውሞ ነበር፣ ጎግል ደግፏል። ሕጉ በተፈረመ በሳምንታት ውስጥ አፕል ከሌላ አይፎን የተነቀለ ኦሪጅናል ዕቃ እንዲሠራ እንደሚፈቅድ አስታወቀ። ክልከላው የሚመለከተው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በኋላ የተሠሩትን ነው፣ የእኔ ስልክ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ግን አይኦኤስ 18 ላይ የመጣው የጥገና ማስተካከያ ለእኔም ደርሷል። ማስተካከያው በዋናነት ለኦሪጅናል ዕቃ ስለሆነ ጠጋኙን ኦሪጅናል ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ነጥብ ልስጥ። ክፍት ሆኖ ለመጣ ከ5ቱ 4 ኮከብ። ተቆልፎ ለመጣ 2፣ እሱንም ለታይፕ ሲው ስል። ስልክ የሚልክላችሁ ዘመድ ቶሮንቶ ወይም ለንደን ካለ እሱን አስቸግሩት፤ እዚያ የተሸጠ አይፎን 15 ክፍት ነው፣ የሲም ማስገቢያም አለው። ያገለገለ ከሱቅ ከገዛችሁ ደግሞ ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ግቡ። ካሪየር ሎክ የሚለው ጋ ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ የሚል ካላያችሁ ብራችሁን አታውጡ።